ፀጉሬ ሚዶው ላይ እየቀረ ነው፤ ልቁረጠው?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 27 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት በየሦስት ወሩ ሪላክሰር እቀባ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ማር የመሰለ ሃይላይት አሠራሁ። የመጀመሪያው ቀን ብርትኳንማ ሆኖ ወጣ። ፀጉር ሠሪዋ ‹ትንሽ እንጨምርበት› ብላ በሳምንቱ ደገመችው። ቀለሙ አማረ። ከዚያ ወዲህ ግን ፀጉሬ ፀጉር አይደለም። ሲደርቅ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ሲረጥብ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ባበጠርኩ ቁጥር ሚዶው ሙሉ ነው። አናቴ ላይ ያለው ከጣት አጥሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እናቴ ቅቤ ተቀቢበት ትለኛለች። ፀጉር ሠሪዋ ‹ጥቁር እንቀባውና ይሸፈናል› አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ‹የተቃጠለ ፀጉር በአንድ ቀን የሚጠግን› ትሪትመንት አሳየችኝ፤ ዋጋው የደመወዜን ግማሽ ነው። እህቴ ጥር ላይ ታገባለች፤ ሚዜዋ እኔ ነኝ። ማንን ልስማ? ወይስ ቆርጬው ልገላገል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፀጉር ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። «ሲረጥብ እንደ ማስቲካ ይሳባል» የሚለው ላይ ስደርስ ነገሩ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ያንን ፀጉር አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ የሚያስከፋውን ልንገርሽ። የተጎዳ ፀጉር አይድንም። እጅሽን ቢላ ቢቆርጥሽ ቁስሉ ይሽራል፤ ሥጋሽ ሕይወት አለው፣ ደም ይደርሰዋል። ከራስ ቆዳሽ ወጥቶ የሚታየው ፀጉር ግን እንደ ጥፍር ጫፍ ነው። ስትቆርጪው አያምሽም፤ ሲጎዳም ራሱን አይጠግንም። «በአንድ ቀን ይጠግናል» የሚል ሁሉ፣ የሚሸጠው ምንም ይሁን ምን፣ ዕቃው ከሚችለው በላይ ተናግሯል።

የሚያጽናናውም አለ። ሥሩ በሕይወት ነው። ሃይላይት የሚነካው የወጣውን ፀጉር እንጂ ከቆዳ በታች ያለውን አይደለም። የራስ ቆዳሽ ካልተቃጠለ በቀር አዲሱ ፀጉር እንደ ድሮው ጤነኛ ሆኖ ነው የሚወጣው። በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ እንደኛ የተጠማዘዘ ፀጉር ከዚያም ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የምንሠራው አዲሱ እስኪደርስልን አሮጌውን ሳይበጠስ ማቆየት ነው። የምመክርሽ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ምን እንደደረሰብሽ ደግሞ እወቂው። ካላወቅሽው ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይቀባብሻል።

አንድ ዘለላ ፀጉር ከውጭ ቅርፊት አለው። ልክ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ወደ ጫፍ ተኝቷል። ከውስጥ ደግሞ ጥንካሬውም ጥቁረቱም ያለበት ክፍል አለ። ሃይላይቱ የተሠራበት ማንጫ፣ ብሊች የሚባለው፣ ጥቁረቱን ለማውጣት ቅርፊቱን ከፍቶ መግባት አለበት። ዱቄቱ ከፔሮክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ ይገባና ቀለሙን ያፈርሰዋል። ቀለሙን ብቻ መርጦ ግን አያፈርስም። ፀጉሩን ከውስጥ አጥብቀው የያዙትን ማሰሪያዎችም አብሮ ይበጥሳል። ቅርፊቱ ላይ የነበረችውን ስስ የተፈጥሮ ቅባትም ይወስዳታል። ሲደርቅ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው።

ጥቁር ፀጉር ደግሞ በአንዴ ማር አይሆንም። መጀመሪያ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ብርትኳንማ፣ ከዚያ ነው ቢጫ የሚሆነው። አንቺ ብርትኳንማው ላይ ነበርሽ። እዚያው ላይ ቀዝቀዝ ያለ ቡናማ ቶነር፣ የተነጣውን ፀጉር ቀለም የሚያስተካክለው ማለቴ ነው፣ ቢደረግበት ካራሜል መስሎ ያምር ነበር። በሳምንቱ ሲደገም ግን የተከፈተው ሳይረጋጋ እንደገና ተከፈተ። ፔሮክሳይዱም ቁጥር አለው። ባለ 20ው 6 በመቶ፣ ባለ 30ው 9 በመቶ፣ ባለ 40ው 12 በመቶ ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቶሎ ያነጣል፤ ቶሎም ይጎዳል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሪላክሰሩ ነው። ሪላክሰር ፀጉር የሚያለሰልሰው እነዚያኑ የውስጥ ማሰሪያዎች እየበጠሰ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የላላ ፀጉር ላይ ነው ብሊች የተጨመረብሽ፣ ያውም ሁለቴ። አንድን ገመድ ሁለት ሰው ከሁለት በኩል እየቆረጠ እንደማለት ነው።

ይህን የምነግርሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሙሽራ መጣች። ሰርጓ አሥር ቀን ቀርቶታል። «ፀጉርሽ ላይ ምን ታደርጊበታለሽ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ለስላሳ ስለነበር የተፈጥሮዋ መሰለኝ። ቶሎ እንዲነጣልኝ ባለ 40ውን ቀላቀልኩ። ፎይሉን ስከፍተው ቀለሙ አምሮ ነበር። ልትታጠብ ጎንበስ አለች። ውኃውን ለቀቅኩና እጄን አስገባሁ። ፀጉሩ ሞቀኝ፤ ላላብኝ። እጄን ሳወጣ አንድ ጭብጥ ፀጉር አብሮኝ ወጣ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ስለ ቬሎዋ እያወራችኝ ነበር። እንዴት እንደምነግራት አጥቼ ውኃው ብቻ እየፈሰሰ ቆየሁ። ያን ቀን የወሰድኩትን ገንዘብ መለስኩላት፤ ፀጉሯን ግን መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከጀርባ በኩል አንድ ቀጭን ዘለላ ወስጄ ሳልሞክር፣ ብሊች አስነክቼ አላውቅም።

ስለዚህ ፀጉር ሠሪሽ ጋ አንድ ጊዜ ተመልሰሽ ሂጂ። ለጠብ አይደለም። ስንት ቁጥር እንደተጠቀመች፣ ለስንት ደቂቃ እንዳቆየችው፣ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ያረፈበት ላይ አርፎ እንደሆነ ጠይቂያትና ስልክሽ ላይ ጻፊው። ለካሣ ከተስማማችሁ እሰየው። ባትስማሙም መረጃው ለሚቀጥለው ሰው ያስፈልጋል።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሚዶው ላይ ከቀሩት አሥር ያህል ዘለላ ውሰጂና ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪያቸው። መብራት ሥር ጫፎቻቸውን እዪ። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ነጭ ነጥብ፣ እንደ ክብሪት ራስ ያለች፣ ካየሽ ያ ከሥሩ የረገፈ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ የማንኛውም ሰው ነው። ነጥቧ ከሌለች፣ ቁመቱም አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ፣ መሃል ላይ የተበጠሰ ነው። ከነገርሽኝ ተነሥቼ የአንቺ አብዛኛው የተበጠሰ ይመስለኛል።

አብዛኛው ነጥብ ያለው ሆኖ ካገኘሽው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። የብረት ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ፀጉር ያረግፋሉ። የራስ ቆዳሽ ላይ ቁስል፣ ቅርፊት፣ መግል ወይም ላጣ ቦታ ካለ ደግሞ ምንም ነገር ሳትቀቢ የቆዳ ሐኪም ይየው። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። የተቃጠለ ቆዳ ጠባሳ ከያዘ ፀጉር ላያበቅል ስለሚችል ይህቺን ነገር አታዘግይያት።

አሁን ወደ ሦስቱ መካሪዎችሽ እንምጣ።

ከእናትሽ ልጀምር። እናትሽ ቅቤ ያሉሽ ያዩት ስላለ ነው። የእኛ እናቶች ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ፣ ቅቤው ቀልጦ በግንባራቸው ሲወርድ አይቼ ነው ያደግኩት። ፀጉራቸውም ወፍራም ነበር። ግን ያ ፀጉር ብሊች አያውቅም። ቅቤ ጤነኛ ፀጉር ላይ ከላይ ሸፍኖ እርጥበት እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ያለሰልሳል። የተበጠሰ ማሰሪያ አይቀጥልም። ሌላው ጣጣው ማስለቀቁ ነው። በደንብ ከተቀባሽ ሽታው እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በሻምፖና በሙቅ ውኃ ትታጠቢያለሽ። ያንቺን ፀጉር የሚገለው ያ መታጠብ ነው። እናትሽን ደስ ለማሰኘት ከፈለግሽ ጥቂት ለጋ ቅቤ ከመታጠብሽ በፊት ጫፉ ላይ ብቻ ለአንድ ሰዓት ያህል አድርጊ። ቁስል ላይ በፍጹም እንዳይነካ።

ከቅቤ ይልቅ እኔ የማምነው የኮኮናት ዘይት ነው። እንዲሁ ሲወራ ሰምቼ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ነበር። ጤነኛውም ላይ ሆነ የተጎዳው ፀጉር ላይ፣ ከመታጠብ በፊትም ሆነ በኋላ ሲቀባ፣ ከፀጉሩ የሚወጣውን ፕሮቲን በደንብ የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ነው። ቅንጣቱ ትንሽ ስለሆነ ወደ ውስጥ ይገባል። ሌሎቹ ከላይ ይቀራሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ለምግብ የሚሸጠው ያልተጣራ ኮኮናት ይበቃሻል።

እግረ መንገዴን ስለ እንቁላል ልንገርሽ፤ መቼም ነገ አንዷ እሱን ትመክርሻለች። የእንቁላል ፕሮቲን ትልቅ ስለሆነ ፀጉር ውስጥ አይገባም። ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል። አንዲት ደንበኛዬ ቤቷ እንቁላል ቀብታ በሙቅ ውኃ ታጥባው መጣች። እንቁላሉ ፀጉሯ ላይ በስሏል። ነጭ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ስንለቅም ከሰዓት በኋላችን አለቀ፤ የተሰባበረው ፀጉርም ብዙ ነበር።

ወደ ፀጉር ሠሪሽ ልለፍ። «ጥቁር እንቀባውና ይሸፈናል» ያለችሽን እንዳትሰሚ። ይህን በጣም ነው የምለምንሽ። ቋሚ ጥቁር ቀለምም ፔሮክሳይድ አለው፤ የተከፈተውን ቅርፊት ሦስተኛ ጊዜ ሊከፍተው ነው። ደግሞም የተነጣ ፀጉር እንደ ስፖንጅ ነው። ቀለሙን ዝም ብሎ ይጠጣል፣ በጥቂት እጥበት ይለቀዋል። ጫፉ ድፍን ጥቁር፣ መሃሉ አመድማ፣ ሥሩ ሌላ ሆኖ ይቀራል። ነገ ደግሞ ያንን ጥቁር ለማስለቀቅ እንደገና ብሊች ትባያለሽ። ለሰርጉ የግድ ጠቆር ይበልልኝ ካልሽ፣ አሞኒያም ፔሮክሳይድም የሌለበት፣ እንደ ኮንዲሽነር ተቀብቶ የሚታጠብ ጊዜያዊ ቀለም አለ። ቅርፊቱን አይከፍትም፤ ከላይ ይለብሳል። ሰርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አድርጊው። ከጆሮሽ ኋላ ትንሽ ቀብተሽ 48 ሰዓት ጠብቂ፤ ካላሳከከሽና ካላበጠሽ ቀጥዪ። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠውን ግን እንዳትነኪው። እውነተኛ ሂና ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር አይደለም። ጥቁር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የተጨመረበት ኬሚካል ነው፤ ፊት እስኪያብጥ የሚያስቆጣቸው ሰዎች አሉ።

ጓደኛሽ ያሳየችሽ ትሪትመንት ምን እንዳለበት አልጻፍሽልኝም። የተበጠሱትን ማሰሪያዎች መልሶ ለማገናኘት የሚሞክር ዕቃ በእርግጥ አለ። ኦላፕሌክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ይህንኑ ይዞ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመሳሳይ መጥቷል። እኔም እጠቀማለሁ፤ መበጣጠሱን ይቀንሳል። ግን በአንድ ቀን አይደለም። በየሳምንቱ ለወራት ይደረጋል፤ ፀጉሩ በጣም ካለቀም ብዙ አያመጣም። የተመሳሰለ ዕቃም በገበያው ሞልቷል። ማኅተሙ የተከፈተ፣ ከማይታወቅ ሻጭ የመጣ ዕቃ ላይ የደመወዝሽን ግማሽ አታፍስሺ። ያንን ገንዘብ ጥሩ ኮንዲሽነር፣ አንድ የፕሮቲን ማስክ፣ ሰፊ ጥርስ ያለው ሚዶና የሳቲን ሻሽ ግዢበት። ይተርፍሻል።

አሁን ቅዳሜ ማታ እንዴት እንደምትታጠቢ ልንገርሽ። ብዙ ሴት ፀጉሯን የምትጨርሰው ብሊቹ ላይ ሳይሆን ከብሊቹ በኋላ እጥበቱ ላይ ነው።

ፀጉርሽን ሳታረጥቢ በጣትሽ ብቻ ለአራት ክፈይው። መሃል ላይ የተቋጠረ ካለ አትጎትቺ፤ በሁለት ጣትሽ ለያይተሽ ፍቺው። የኮኮናት ዘይቱን መዳፍሽ ላይ አቅልጠሽ ከመሃል እስከ ጫፍ ቀቢው። ሥሩ አያስፈልገውም። ሻሽ አስረሽ አንድ ሰዓት ቆዪ፤ ወይም አሳድሪው። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ። ሻምፖው የሚያስፈልገው ለራስ ቆዳሽ ብቻ ነው። ብዙ አረፋ የማያወጣ፣ ሰልፌት የሌለበት ምረጪ። የአዲስ አበባ አቧራ በየቀኑ ካልታጠብኩ ያሰኛል፤ ግን በሳምንት አንዴ ይበቃሻል። ቆሻሻ በሚበዛበት ቀን ሻሽ አስረሽ ውጪ።

ሻምፖው እንደለቀቀ ኮንዲሽነር ሳትሳሺ አድርጊ። ሚዶ የሚነካው ያኔ ብቻ ነው፤ ኮንዲሽነሩ ላይ እያለ። መጀመሪያ ጫፉን፣ ከዚያ ከፍ ብለሽ፣ ከዚያ ሥሩን። ከሥር ጀምረሽ ወደ ታች ከሳብሽው ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ጫፍ ሰብስበሽ ትበጥሺዋለሽ። እርጥብ ፀጉር ከደረቀው ይልቅ ደካማ ነው፤ ያንቺ ደግሞ ማስቲካ ሆኗል ብለሽኛል። በፎጣ አትፈትጊው። አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጠቅልለሽበት ውኃውን ይጠጣልሽ። ከዚያ ሳይታጠብ የሚቀር ኮንዲሽነር ቀብተሽ፣ ለስድስት ለስምንት ላላ ያለ ጉንጉን ሠርተሽ፣ የሳቲን ሻሽ አስረሽ ተኚ። የጥጥ ትራስ ሌሊቱን ሙሉ ይፈትገዋል።

መሳቡን ያነሣሽው ጥሩ አደረግሽ። እርጥብ ፀጉር ተስቦ የማይመለስ ከሆነ ፕሮቲን አጥቷል። በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ አንድ ጊዜ የፕሮቲን ማስክ አድርጊ። ከዚያ በላይ አትሂጂ፤ ፕሮቲን ሲበዛ ፀጉሩ እንደ ሽቦ ደርቆ ቀጭ ይላል። መሃል ባሉት ሳምንታት የሚያለሰልስና የሚያረጥብ ማስክ በቂ ነው።

ሙቀት እስከ ሰርጉ ድረስ ይቅርብሽ። ፔስትራ የሚባል ነገር እጅሽ አይግባ። በተለይ በደንብ ያልደረቀ ፀጉር ላይ። ውስጡ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና ፀጉሩ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ በአረፋው ቦታ ላይ ቀጭ ይላል። ስታስነኪው «ጭስስ» የሚለው ድምፅ ያ ነው። ማስክ አድርገሽ ካስክ ውስጥ ለስለስ ባለ ሙቀት አሥራ አምስት ደቂቃ ብትቀመጪ አይጎዳሽም። ሪላክሰር ደግሞ አሁኑኑ ይቁም። አዲሱ ሥር ሲንጨፈረር እጅሽ ይበላሻል፤ አውቃለሁ። አዲሱን ስትቀቢ ክሬሙ ወርዶ አሮጌውን ከነካው ግን ያ መስመር ላይ ነው ሁሉም የሚበጠሰው። የሁለቱ መገናኛ ከሁሉም የደከመ ቦታ ነው። ስታበጥሪም ስትጎነጉኚም እዚያ ጋ እጅሽን አቅልዪ።

መቁረጡን በተመለከተ፣ ሁሉንም አትቁረጪ። ግን ቁረጪ። ጫፉ የተሰነጠቀ ፀጉር ካልተቆረጠ ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ ሦስት ሴንቲሜትር ሳስተሽ ነገ ስምንት ይወስድብሻል። በዚህ ሳምንት ጫፉን ሦስት ወይም አራት ሴንቲሜትር በስለታም የፀጉር መቀስ አስቆርጪ፤ የቤት መቀስ ጫፉን ይጨፈልቀዋል። ከዚያ በየሁለት ወሩ ትንሽ ትንሽ። ሃይላይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ ትከሻሽ ድረስ የሚደርስ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። ረጅም ነው። ያቺ ሙሽራ እንደዚያ ነው ያደረገችው። በየሁለት ወሩ እየመጣች ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻዋን ቢጫ ጫፍ የቆረጥኩላት እኔው ነኝ።

አንዳንዷ ግን መጠበቅ አይሆንላትም። መስታወት ባየች ቁጥር የምታለቅስ ከሆነ አጭር መቆረጡ ይሻላታል። ያንቺ እዚያ ደርሶ እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አጭር ፀጉር ላይ የሚያምር የጆሮ ጌጥና ንጹሕ አንገት ሚዜ ሆኖ ያምራል። ይህን የምልሽ ለማጽናናት አይደለም፤ ብዙ ሠርቼ አይቻለሁ።

ሰርጉን እናስበው። ጥር ሲደርስ ወደ ሦስት ሴንቲሜትር አዲስ ፀጉር ይኖርሻል። በቬሎው ቀን ወደ ኋላ ተሰብስቦ ዝቅ ያለ ጥቅል ይሠራልሽ። አናትሽ ላይ የቆመውን አጭር ፀጉር በጄል ሳትጎትቺ በለስላሳ ብሩሽ አስተኚው። ሂዩማን ሄር በሙጫ ወይም በስፌት አታስቀጥዪ፤ ክብደቱን የሚሸከም ፀጉር የለሽም። ካማረሽ ጥቅሉ ላይ በፒን የሚያዝ ዝግጁ ጥቅል አለ። ማታ ይወልቃል።

የምፈራልሽ የመልሱን ቀን ነው። ሁላችሁም ሐበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ሹሩባ ትሠራላችሁ። አልባሶ ደስ ይላል፤ ግን ከግንባር ጀምሮ ጥብቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ጤነኛ ፀጉር እንኳ የግንባሩ ዳር እንደዚያ እየተጎተተ ያልቃል። ሠሪዋ ከመጀመሯ በፊት ንገሪያት። «ፀጉሬ የተነጣ ነው፤ ወፍራም ወፍራም አድርጊው፣ ግንባሩን አላልተሽ ጀምሪ» በያት። እየተሠራ ቅንድብሽ ወደ ላይ ከተሳበ ወይም ካመመሽ ዝም አትበዪ። «መጀመሪያ ያማል፣ ከዚያ ይለቃል» ትልሻለች፤ የሚለቀው ፀጉሩ ነው። አስፈቺውና እንደገና ይጀመር። ዘመድ ሁሉ ቸኩሎ በር ላይ ቢቆምም አስፈቺው። በሦስተኛው ቀን ፍቺው፣ ስትፈቺውም በዘይት አርሰሽ፣ በጣትሽ፣ ከጫፍ ጀምረሽ።

አንድ ቀን እንደገና ቀለም ያምርሻል፤ አልከለክልሽም። ያኔ ከሪላክሰርና ከብሊች አንዱን ብቻ ምረጪ። ፀጉር ሠሪዋ አንድ ዘለላ ቆርጣ እንድትሞክር አድርጊ። እምቢ ካለች፣ ወይም «ሁሉም ሰው ይሠራዋል» ካለችሽ፣ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ።

ለአሁኑ ቅዳሜን ያዥ። ከታጠብሽ በኋላ ሚዶው ላይ የቀረውን ፀጉር ፖስታ ውስጥ ከተሽ ቀኑን ጻፊበት። የሚቀጥለውን ቅዳሜም እንዲሁ። በአምስተኛው ፖስታ ላይ መቀነስ ካላየሽ ጻፊልኝ፤ ሌላ ነገር እንፈልጋለን።